ኩል እንዴት አልኮል ሆነ? ያጋራነውን ስህተት ስናርም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ ገጽ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አጋርተን ነበር። ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ ከሥሩ የተሰበረ ጠርሙስ ሥዕል ያለበት። «አልኮል» የሚለው ቃል ቁርኣን ውስጥ ካለው «ገውል» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው፣ ትርጉሙም አእምሮን የሚሰርቅ እርኩስ መንፈስ ነው፣ ምዕራባውያን ሳይታወቃቸው በስሙ ብቻ ሐራምነቱን መስክረዋል ይላል። ብዙ ሰው ወደደው፣ ብዙ ሰውም ሼር አደረገው። ከዚያ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ እህታችን በውስጥ መስመር «ይህን ከየት አገኛችሁት?» ብላ ጠየቀችን። እኛም መፈለግ ጀመርን። ከሌላ ገጽ ነው የወሰድነው፤ ያ ገጽ ከአንድ ቻናል፣ ቻናሉም ከሌላ ቻናል። እስከ መጨረሻው ብንሄድ አንድም መጽሐፍ፣ አንድም ዓሊም፣ አንድም የቋንቋ ምሁር አላገኘንም።

ጽሑፉን አንስተነዋል። ግን ዝም ብሎ ማንሳት አማና መወጣት ሆኖ አልታየንም። ሱረቱል ሑጁራት የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ሲያዘን፣ ወሬው ለኛ የሚጥም ሲሆን ሳናጣራ እንድናልፈው ፈቃድ አልሰጠንም። ስናጣራ ያገኘነው እውነተኛ ታሪክ ደግሞ ከሐሰተኛው ይልቅ የሚገርም ሆኖ ስላገኘነው ዛሬ ረዘም አድርገን ልንነግራችሁ ወደድን። ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በመጀመሪያ ስህተቱ ምን እንደነበር እንይ። ጽሑፉ ሁለት የዐረብኛ ቃላትን አደባልቆ ነበር። አንደኛው «ገውል» ነው፤ በሱረቱ አስ-ሷፍፋት 47ኛው አንቀጽ ላይ የጀነት መጠጥ ከዚህ ነገር የጸዳ መሆኑ ተነግሯል፤ ሙፈሲሮችም ራስ ምታት፣ ሕመም፣ አእምሮን የሚወስድ ጉዳት እያሉ አብራርተውታል። ሁለተኛው «ጉል» ነው፤ ዐረቦች በተረታቸው በረሃ ውስጥ መንገደኛን ያሳስታል የሚሉት አስፈሪ ፍጡር። ሁለቱ ቃላት በሥር ይዛመዳሉ፤ «እርኩስ መንፈስ» የሚለው ግን የመጣው ከሁለተኛው ነው። «ጉል»ም በእውነት ወደ አውሮፓ ተሰዷል። እንግሊዞች መቃብር የሚቆፍር ጭራቅን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሰማይ ላይ ደግሞ «አልጎል» የሚባል ኮከብ አለ፤ ከዐረብኛው «ረእስ አል-ጉል» ማለትም የጉል ራስ ከሚለው የመጣ ነው። ይህ ኮከብ በየ2.87 ቀኑ ለጥቂት ሰዓታት ደብዘዝ ብሎ መልሶ ይደምቃል። ምክንያቱም ሁለት ከዋክብት እርስ በርስ እየዞሩ አንዱ ሌላውን ስለሚጋርደው ነው። ልብ በሉ፣ የዐረብኛው «ገ» አውሮፓ ሲደርስም «ገ» ሆኖ ነው የቀረው። አልኮል ውስጥ ግን «ከ» ነው ያለው።

ታዲያ አልኮል ከየት መጣ? ከኩል። አዎ፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን በብልቃጥ አስቀምጠው በቀጭን መኳያ ዓይናቸውን ከሚኳሉት ጥቁር ዱቄት።

ዐረብኛው «ኩሕል» ነው፣ ከነ«አል» ሲሆን «አል-ኩሕል»። ቃሉ በሴማዊ ቋንቋዎች ውስጥ እጅግ የቆየ ነው። በአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701፣ ከይሁዳ ንጉሥ የተገበረለት ሀብት ተዘርዝሮ በተጻፈበት ጽሑፍ ላይ ከወርቅና ከብር ጋር «ጉኽሉ» የሚባል የዓይን ቅብ ተመዝግቧል። በግእዝ «ኵሕል» ተብሎ ይጻፋል፤ መሐል ያለችውን «ሕ» አትርሷት፣ ኋላ እንመለስባታለን። አማርኛችን ያቺን ድምፅ ውጦ «ኩል» አደረገው እንጂ ሥሩን አልጣለም። «ተኳለች» እንላለን። ፊቷን በሊፕስቲክና በፓውደር ያስዋበችውን «ተኳኳለች» እንላለን፣ ዕቃውን ሁሉ «መኳኳያ» ብለን ጠቅልለን እንጠራዋለን። አንዲት ልጅ ከቦሌ ሱቅ የገዛችውን የኮሪያ ክሬም «መኳኳያዬ» ስትል የአሦር ጸሐፊ በሸክላ ላይ የቀረጸውን ቃል ዘመድ እየተናገረች ነው።

በሙስሊሙ ዓለም ይህ ሥር የውበት ብቻ አልነበረም። የዓይን ሐኪም «ከሓል» ይባል ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ባግዳድ ውስጥ ዓሊ ኢብን ዒሳ የሚባል ከሓል ለሙያ ባልደረቦቹ «ተዝኪረቱል ከሓሊን» የተባለ መጽሐፍ ጻፈ፤ ወደ 130 የሚሆኑ የዓይን በሽታዎችን ዘርዝሮበታል። ይህ መጽሐፍ ለዘመናት የዓይን ሐኪሞች መማሪያ ሆኖ ኖሯል። በዚያው ዘመን ዐማር ኢብን ዓሊ አል-መውሲሊ የዓይን ሞራን ውስጡ ክፍት በሆነ መርፌ እየመጠጠ ማውጣትን ገልጿል። ዛሬ የካታራክት ቀዶ ሕክምና ነጻ ዘመቻ ሲታወጅ በየሆስፒታሉ በር የሚሰለፉትን አባቶች ስናይ ይህ ሰው ትዝ ሊለን ይገባል።

አሁን ወደ ጉዞው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ በተለይ በቶሌዶ ከተማ የዐረብኛ መጻሕፍት ወደ ላቲን በብዛት ይተረጎሙ ነበር። የክሬሞናው ጄራርድ የተባለው አንድ ሰው ብቻ ከ70 በላይ መጻሕፍትን እንደተረጎመ ይነገርለታል። ተርጓሚዎቹ በቋንቋቸው አቻ ያላገኙለትን ቃል ከነ«አል»ው ይዘውት ይገቡ ነበር። «አል-ኩሕል»ም እንዲሁ ገባ፤ ትርጉሙም መጀመሪያ ያው የዓይን ኩል ነበር።

ነገሩ የተጠመዘዘው እዚህ ጋ ነው። ኩል እንዴት እንደሚሠራ አስቡ። ድንጋዩ ይወቀጣል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ እንደገና ይፈጫል፤ ዓይን ውስጥ ገብቶ እንዳይቆረቁር ከጤፍ ዱቄት በላይ መላም አለበት። ስለዚህ በላቲን ጸሐፊዎች ዘንድ «አልኮሆል» ማለት ቀስ በቀስ «እጅግ የላመ ማንኛውም ዱቄት» ማለት ሆነ። ከዚያም አንድ እርምጃ ተሻገረ፦ የላመው፣ የነጠረው፣ ከቆሻሻው የተለየው የማንኛውም ነገር ምርጥ ክፍል ማለት ሆነ። ፓራሴልሰስ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሐኪም (1493–1541) ከወይን ጠጅ ተንጥሮ የሚወጣውን ፈሳሽ «አልኮሆል ቪኒ» አለው፤ «የወይን ጠጅ አልኮሆል»፣ ማለትም የወይን ጠጁ ልም፣ የወይን ጠጁ ንጥር። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጀመሪያ የታየውም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዱቄት ሲነገር ነው። ቀስ እያለ «የወይን ጠጅ» የሚለው ተቀጥላ ወደቀና በ18ኛው ክፍለ ዘመን «አልኮሆል» ብቻውን የዛሬውን ትርጉም ይዞ ቀረ።

ማስረጃው ምንድን ነው? አንዱ ያቺ «ሕ» ናት። በእንግሊዝኛ፣ በስፓንኛና በጀርመንኛ አጻጻፍ ቃሉ መሐል ላይ እስከ ዛሬ «ሀ» አለች። «ገውል» ውስጥ «ሀ» የለችም፣ «ኩሕል» ውስጥ ግን አለች። ሁለተኛውና ለኛ ጥርጣሬ ያልተወልን ስፓንኛ ነው። በስፓንኛ መዝገበ ቃላት «አልኮሆል» በሚለው ቃል ሥር ከመጠጡ ጎን ለጎን ሴቶች ዓይናቸውን የሚኳሉበት ጥቁር ዱቄት የሚል ትርጉም እስከ ዛሬ ይገኛል። «አልኮሆላር» የሚል ግሥም አለ፤ ዓይንን መኳል ማለት ነው። «ተኳለች»ን በስፓንኛ ለማለት ቃል በቃል «አልኮሆሏን ተቀባች» እንደማለት ነው።

በዚህ መሐል አንድ የሚያናድድም የሚያስቅም ነገር አለ። ዐረቦች ራሳቸው ዛሬ አልኮልን «ኩሑል» ይሉታል። በገልፍ አገራት ያላችሁ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በእጅ ሳኒታይዘር ጠርሙስ ላይ በየቀኑ የምታዩት ቃል ነው። የጥንት ዐረብኛ ጸሐፊዎች ግን ለዚህ ፈሳሽ ይህን ስም አላወጡለትም ነበር። ቃሉ ከአገሩ ወጥቶ፣ አውሮፓ ውስጥ ትርጉሙን ቀይሮ፣ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው፤ ሲመለስ እናቱ እንኳ እስክትጠራጠር ድረስ።

እዚህ ላይ ሁላችንም በትምህርት ቤትም በሥራ ቦታም የሰማነው ሌላ ወሬ አለ። «አልኮልን የፈጠራችሁት እናንተ ሙስሊሞች አይደላችሁም እንዴ?» የሚል ፈገግታ ያለበት ጥያቄ። ገሚሳችን እንናደዳለን፤ ገሚሳችን ደግሞ «አዎ፣ ሳይንስ የኛ ነው» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ሁለቱም ትክክል አይመስለንም።

የሚያሰክር መጠጥ ከእስልምና በፊት ብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ነው፤ ጥንታዊ ግብፃውያን ቢራ ይጠምቁ ነበር። ፈሳሽን አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ ማቀዝቀዝም፣ ማለትም ማንጠር፣ ከእስልምና በፊት በግብፅ እስክንድርያ የነበሩ ኬሚስቶች ያውቁት ነበር። ሙስሊሞች ያደረጉት መሣሪያውንና ዘዴውን አሻሽለው ወደ ትልቅ ሙያ ማሳደግ ነው። ለምን ቢሉ በዋናነት ለሽቶና ለመድኃኒት ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የኖረው አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ ኬሚስትሪና ስለ ማንጠር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከ100 በላይ የአሠራር መመሪያዎች አሉ። አቡበክር አር-ራዚ የማንጠሪያ ዕቃዎችን አንድ በአንድ ገልጾ ጽፏል። ከጽጌረዳ አበባ የሚወጣው ውሃ፣ ማእ አል-ወርድ፣ ከደማስቆ አካባቢ ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ትልቅ የንግድ ዕቃ ነበር። ወይን ጠጅ ሲፈላ ከዕቃው አፍ ላይ የሚወጣው ተን እሳት እንደሚይዝም በጃቢር ኢብን ሐያን ስም በተላለፉ ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሷል። አዩት፣ አወቁት፣ መዘገቡት። ነገሩን ለመጠጥ ብሎ ዓለምን የሞላው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ማንጠር የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ኢታኖል የሚባለው አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ ውሃ በ100። ድብልቁን በቀስታ ስታሞቁት ቀድሞ በብዛት የሚተነው አልኮሉ ነው። (በነገራችን ላይ እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላ ለመቀቀል ለምን ያን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አሁን ገባችሁ።) የተነነው በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ጠብ ጠብ ይላል። ዐረቦች ይህን ጠብታ ሲያዩ «ዐረቅ» አሉት፤ ላብ ማለት ነው። የኛው «አረቄ» የሚለው ቃል ከዚያ ነው የመጣው። እንግዲህ በአማርኛ ሁለቱም ስሞቹ የዐረብኛ ናቸው፦ አንዱ ላብ፣ ሌላው ኩል። ሸሪዓው ግን የሚፈርደው በስም ላይ አይደለም፤ ስሙ ማር ቢሆንም የሚያሰክር የሚያሰክር ነው። ለሐራምነቱ ደግሞ ግልጽ የቁርኣንና የሐዲስ ማስረጃ አለን፤ ከቴሌግራም የተለቀመ የቃል ትንታኔ ምርኩዝ አያስፈልገውም። በሽቶና በሳኒታይዘር ውስጥ ስላለው አልኮል ለሚነሱ ጥያቄዎች ኡስታዞቻችንን ጠይቁ፣ እኛ ፈትዋ አንሰጥም።

እስካሁን ያለው የቃል ጨዋታ ነው ብላችሁ ብታልፉት አንቀየምም። ከዚህ በታች ያለውን ግን በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን ያላችሁ እንድታነቡት እንለምናለን። ያቺ እህታችን ስለ ቃሉ ጠይቃን አላበቃችም። «ስለ ኩል ከጻፋችሁ አይቀር፣ ምን እንደያዘም ጻፉ» ብላናለች።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያበረታቱት ኩል ስሙ ተለይቶ የተጠቀሰ ነው፦ «ኢስሚድ»። ዓይንን እንደሚያጠራና ሽፋሽፍት እንደሚያበቅል ከኢብን ዐባስ በተላለፈው ዘገባ በሱነን መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ኢብኑል ቀይዪም (ረሒመሁላህ) በዛዱል መዓድ ኢስሚድ ጥቁር የኩል ድንጋይ መሆኑን፣ ምርጡ ከኢስፋሃን እንደሚመጣ፣ ከመግሪብ አቅጣጫም እንደሚገኝ ጽፈዋል። ማለትም ያኔም ቢሆን ዑለማዎች «ጥቁር ዱቄት ሁሉ ያው ነው» አላሉም፤ ዓይነቱንና መገኛውን ለይተዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ኢስሚድን አንቲሞኒና ድኝ ከተጣመሩበት ማዕድን ጋር ያያይዙታል።

ችግሩ ከዚህ ማዕድን ጋር በመልክ የሚመሳሰል ሌላ ድንጋይ መኖሩ ነው፤ ጋሌና ይባላል። እሱም ጥቁር አብረቅራቂ ነው፣ እሱም ድኝ አለበት፣ ነገር ግን ከድኙ ጋር ያለው አንቲሞኒ ሳይሆን እርሳስ ነው። ድንጋይ ሳሉ በክብደት ይለያያሉ፤ የአንቲሞኒው ማዕድን ከእኩል መጠን ውሃ 4.6 እጥፍ ያህል ሲመዝን ጋሌና 7.5 እጥፍ ይመዝናል። ተፈጭተው ዱቄት ከሆኑ በኋላ ግን በዓይን የሚለያቸው የለም፣ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ጋሌና ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ በልዩ ልዩ አገራት ገበያ ላይ ተመርምረው ከታዩት ኩሎች ውስጥ ብዙዎቹ እርሳስ ሆነው ተገኝተዋል፤ ማሸጊያው ላይ «ኢስሚድ» ተብሎ የተጻፈባቸው ሳይቀሩ።

(እርሳስ ስንል መጻፊያውን አይደለም። መጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው፤ ድሮ ሰዎች ጥቁሩን ግራፋይት የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው የሰጡት ስም ነው እስከ ዛሬ የቀረው። ልጃችሁ እርሳስ ቢያኝክ በዚህ በኩል አትደንግጡ።)

ብረቱ እርሳስ ግን የሚያስደነግጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ውስጥ ቢገኝ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ደጋግሞ ይናገራል። በሕፃናት ላይ የአእምሮ እድገትን ይጎዳል፣ የመማር አቅምን ይቀንሳል፣ ደም ማነስ ያመጣል፤ በአንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት ደግሞ የሚመለስ አይደለም። ሕፃን ዓይኑ ሲኳል ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይልሳል፤ ወደ ሆዱ የሚገባው እርሳስም ከትልቅ ሰው ይልቅ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ደሙ ይሰርጋል። አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በ2011 አንድ ዓመት ያልሞላው የናይጄሪያ ተወላጅ ሕፃን ደም ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ ተገኘ። ምንጩ ሲፈለግ ቤተሰቡ «ቲሮ» ብለው የሚጠሩት የዓይን ኩል ሆኖ ተገኘ፤ ሲመረመር ከክብደቱ ከ80 በመቶ በላይ እርሳስ ነበር። ወላጆቹ ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ እንደኛው እናቶች።

«ጥንት ሲኳሉት ምንም አልሆኑም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ተመራማሪዎችም ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ወስደውታል። በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የሚገኙ የጥንት ግብፃውያን ኩሎችን የመረመሩ የፈረንሳይ ኬሚስቶች በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ግብፃውያኑ አንዳንድ የእርሳስ ጨዎችን ሆን ብለው በውሃ እያዘጋጁ ይቀላቅሉ እንደነበር፣ እነዚህም በጥቂት መጠን በቆዳ ሕዋሳት ላይ ሲሞከሩ ሰውነት ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚጠቀምበትን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሚጨምሩ ገልጸዋል። ደስ የሚል ግኝት ነው። ነገር ግን ሙከራው በሕዋሳት ላይ ነው፣ በጥቂት መጠን ነው፣ በየቀኑ እጁን በሚልስ ሕፃን ላይ አይደለም። ከዚህ ተነስቶ «ሳይንስ ኩልን አረጋገጠ» ብሎ ፖስት የሚሠራ ሰው እንደማይጠፋ እንገምታለን፤ እባካችሁ እናንተ አትሁኑ።

ስለዚህ እኛ በየቤታችን የተነጋገርነው ይህ ነው። በውስጡ ምን እንዳለ ያልታወቀ ኩል በሕፃን ዓይን ላይ አናደርግም፤ ከሐጅ የመጣ ቢሆንም፣ ከመስጊድ በር ላይ የተገዛ ቢሆንም። ቦታው የተከበረ መሆኑ ዱቄቱን አይለውጠውም። እርሳስ የሌለበት መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠ ካገኘን ለትልቅ ሰው እሱን እንመርጣለን፤ አንቲሞኒውም ቢሆን ብዙ ወደ ሆድ ሲገባ የሚጎዳ ነገር ነውና ከልጆች እጅ እናርቀዋለን። ልጃቸውን ሲኳሉ የቆዩ ቤተሰቦች ለሐኪም ይንገሩ። አያቶቻችን ቅር ሊላቸው ይችላል። ቁጭ ብለን፣ ጉልበታቸውን ስመን፣ ሱናው የጠራው ድንጋይ ሌላ፣ ሱቅ የሚሸጠው ዱቄት ሌላ ሊሆን እንደሚችል እናስረዳቸው። የኛ አንደኛዋ አያት ይህን ሰምተው ብልቃጣቸውን ካገላበጡ በኋላ «ታዲያ እኔ ስልሳ ዓመት ምን ስቀባ ኖርኩ?» ብለዋል። መልስ አልነበረንም።

የተሰበረ ጠርሙስ ሥዕል ያለበትን የድሮውን ጽሑፍ ሼር ያደረጋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከገጻችሁና ከግሩፖቻችሁ አንሱልን፤ ለላካችሁለትም ሰው ይህን ላኩለት። ስህተቱ የኛ ነው፣ አፉ በሉን።

ወላሁ አዕለም።